ይቅር ባዩ ማን ነው?

የበደለ ሰው የበደለውን ሰው ጠርቶ «ይቅር ብዬሃለሁ» ቢለው ምን ትላለህ? «አፉ በለኝ ማለት የሚገባህስ አንተ ነህ!» አትለውምን? የብሪታንያ መንግሥት የገዛ ጦሩ ለረሸናቸው ወታደሮች ያደረገው ግን ይህንኑ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦሩ ችሎቶች ከ3,000 በላይ የሞት ፍርድ ፈረዱ። ከእነዚህ 346ቱ ተፈጸሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጦር ኃይሎች ሕግ፣ ከጦር በመክዳት፣ በፈሪነትና በመሳሰለው ለተገደሉት 306 ሰዎች ምሕረት አደረገ። ሞት እንደማይገባቸውም ታመነ። ይህስ መልካም ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ምሕረቱ የጥፋተኝነት ውሳኔውንም ሆነ ቅጣቱን እንደማይነካ ደነገገ። ታዲያ ምኑ ተፋቀ?

እስኪ የተራ ወታደር ሃሪ ፋርን ነገር እናስተውል። በ1915 የመድፍ ድብደባ አእምሮውን አውኮት አምስት ወር ሆስፒታል ተኛ። በ1916 ወደ ግንባር መመለስ አቃተው፤ በፈሪነት ተከሰሰ። ጠበቃ አልነበረውም። ችሎቱ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ፈጀ። በኦክቶበር ወር ተረሸነ። ሚስቱም የሟች ባል ጡረታ ተከለከለች።

«የዚያን ዘመን ሰው በዛሬ ዕውቀት መዳኘት አይገባም» የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ፋርን ሆስፒታል ያስተኛው ማን ነበር? ያው ጦር አይደለምን? ሞት ከተፈረደባቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ቅጣታቸው ሲቀልላቸው የቀሩት ለምን ተገደሉ? ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆኑ አይደለምን? የአገሪቱ ፓርላማ ራሱ ለክዳትና ለፈሪነት የሚፈረደውን ሞት የሻረው በ1930 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና 12 ዓመቱ ነበር።

ሁሉም ንጹሓን ነበሩ አንልም። ነገር ግን በቅጡ ሳይዳኝ የተገደለን ሰው በጥፋተኞች መዝገብ ማቆየት ሌላ በደል ነው። የሰው ሐቅ በምሕረት ወረቀት አይከፈልም፤ ለባለሐቁ በመመለስ እንጂ!

ሙት አይሰማም ይባል ይሆናል፤ ቤተሰብ ግን ይሰማል። አንድ ልጅ «ለቅድመ አያትህ ምሕረት ተደርጎለታል» ሲባል «ምን አጥፍቶ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጥያቄ የሚዘጋው ምሕረት ሳይሆን ፍርዱን መሻርና «በድለናችኋል» ማለት ነው።