«በሞቴ ብሉ» እና የጨጓራ ሕመምተኛ

በአራዳ የሚኖር ሰው ሁሉ የጨጓራን ሕመም በስም ያውቀዋል፤ ባሕርዩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አንዱ ጎረቤት «ከሽሮ ራቅ» ይላል፤ ሁለተኛው «ወተት ብቻ ጠጣ» ብሎ ይመክራል፤ ሦስተኛው ተልባ አስበጥብጦ በባዶ ሆድ ያጠጣል። በሽተኛውም የሁሉን ምክር እየሰማ፥ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ምግብ እየተወ፥ በመጨረሻ የሚበላው አጥቶ ይከሳል፤ ሕመሙ ግን አይለቀውም።

የጨጓራ ቁስል ከበርበሬና ከሐሳብ ብዛት ይመጣል ተብሎ በመላው ዓለም ሲታመን ኖሯል። በ1915 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲፒ የተባለ የቺካጎ ሐኪም በሽተኞቹን በየሰዓቱ ወተትና ክሬም ያጠጣ ነበር፤ ይህም ሥርዐት ለብዙ ዘመን ተሠርቶበታል። ኋላ ግን ወተት ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ካስታገሠ በኋላ ጨጓራ አሲዱን አብዝቶ እንዲያመነጭ እንደሚያደርግ ተረጋገጠ። በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በአውስትራልያ በፐርዝ ከተማ ሆነው በጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን፥ ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምንለውን ጀርም አገኙ። የሚያምናቸው ቢጠፋ ማርሻል በ1984 ጀርሙን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሁለተኛው የቁስሉ አምጪ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ይኸውም አስፕሪን፥ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ናቸው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱት እነዚህ ኪኒኖች፥ ከአረቄና ከሲጋራ ጋራ ሲገናኙ፥ በርበሬ ያላደረገውን ያደርጋሉ።

ስለዚህ ምግብ ብቻውን ቁስሉን አያመጣውም፥ ብቻውንም አያድነውም። ጀርሙ በምርመራ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን መጨረስ አለበት፤ «ተሻለኝ» ብሎ በአምስተኛው ቀን ማቋረጥ ጀርሙን ማስለመድ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ለዓመታት የሚመላለስበት ሰው ቀን በቀን መብላቱ አይቀርምና፥ ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

በዚህ ነገር እኛም ተሳስተናል። ከውጭ አገር ተምረን እንደ ተመለስን ሰሞን፥ ከተማርንባቸው መጻሕፍት ገልብጠን በእንፋሎት የበሰለ ዓሣና የተጠበሰ ነጭ ዳቦ የሚል ዝርዝር ለበሽተኛ እንሰጥ ነበር። በሽተኛውም አመስግኖ፥ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ይሄድ ነበር። የሚሻለው ምግብ በገዛ ጓዳው እንዳለ የነገሩን እናቶች ናቸው። ደጋው ከዳባት እስከ ደባርቅ የገብስ አገር ነው፤ የገብስ ቅንጬ፥ የአጃ አጥሚት፥ ቅባቱ የቀለለ አልጫ ክክ፥ የተቀቀለ ድንችና ዱባ ለታመመ ጨጓራ የሚስማሙ ናቸው። ተልባም ቢሆን ለሚስማማው ክፉ አይደለም፤ የመድኃኒቱን ቦታ እንዳይወስድ ብቻ እንጠንቀቅ። በርበሬም አንዱን ሲያቃጥል ሌላውን አይነካውምና፥ እያንዳንዱ የሚጎዳውን በራሱ ላይ አይቶ ይተው እንጂ ጎረቤቱ የተወውን ሁሉ አይተው። ቡና ከቁርስ በኋላ ይጠጣ። እራት በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው ቃር ቢያስቸግረው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይተኛ። አረቄውን ግን ፈጽሞ መተው ነው።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ጨጓራን የሚያስቸግረው ምስሩና ሽሮው ሳይሆን፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ የቆየ ሆድ በአንድ ጊዜ በሚያቃጥል ወጥና በቡና መሞላቱ ነው፤ በሑዳዴ ማግሥት፥ በፋሲካ ሌሊት ቅባት የበዛበትን ዶሮ ወጥ እስኪጠግቡ መብላትም እንዲሁ። ቁስሉ ገና ያልዳነለት ሰው ለንስሐ አባቱ ሕመሙን ይንገር፤ ሙስሊም ወንድማችንም በረመዳን ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋራ ይማከር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደን ግብዣ ነው። አንድ መምህር መድኃኒቱን ወስዶ፥ ምግቡን መርጦ፥ ለወራት ደኅና ሆኖ ከቆየ በኋላ ጥር ገባ፤ ሠርግ በሠርግ ላይ ተደረበ። በአንዱ ቤት «በሞቴ»፥ በሌላው «አፈር ስሆን» ሲባል፥ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ሲጨመር፥ አረቄውም ሲቀዳ፥ እምቢ ማለት ነውር ሆነበት። በዚያው ሰሞን ወገቡን ስላመመው ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይውጥ ነበር። ዐይነ ምድሩ ከጠቆረ ሦስት ቀን ሆኖት ሳለ «የበላሁት ይሆናል» ብሎ ዝም አለ፤ በአራተኛው ቀን ወድቆ ሆስፒታል ገባ፤ ሕይወቱም የተረፈችው በሰው ደም ነው።

በእኛ አስተያየት ከመምህሩ ይልቅ የሚወቀሱት ጋባዦቹ ናቸው። ፍቅራቸውን አንጠራጠርም፤ እኛም በየቤታችን እንግዳን በሞታችን እንለምናለን። ነገር ግን አገራችን በግብዣ ላይ ሰውን በየሁኔታው ማስተናገድ የሚያውቅ አገር ነው። ለጾመኛ የጾም ወጥ ለብቻው ይሠራል፤ ለሙስሊም እንግዳ በእስላም እጅ የታረደ ሥጋ በሌላ ድስት ይቀርባል፤ ማንም «በሞቴ ጾምህን ፍታ» አይልም። ታዲያ ለታመመ ሰው አንድ ድስት አልጫ ማኖር፥ በጠላና በአረቄ ፈንታ ውሃ ማቅረብ ለምን ይከብዳል? በየማኅበሩና በየዕድሩ የምትሰበሰቡ መምህራን ይህን ልማድ ብታስጀምሩት በትልቁ ሠርግ ወጪ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ነው። በሽተኛውም «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲል ጋባዡ አንድ ጊዜ ብቻ ለምኖ ይተወው።

ዐይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፥ ደም ያስመለሰው፥ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው ግን ስለ አልጫና ስለ ቅንጬ አይጠይቀን፤ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ይምጣ፤ የሚውጣቸውንም ኪኒኖች ከነመጠቅለያቸው ይዞ ይምጣ።