የቫልቭ ማጉያ «ሙቀት» እና ዋጋው

«የቫልቭ ማጉያ ድምፅ ይሞቃል፤ የትራንዚስተር ማጉያ ድምፅ ይደርቃል።» ይህ አባባል በድምፅ መሣሪያ ወዳጆች ዘንድ ክርክር እንደማያሻው እውነት ይነገራል። በጂዳና በመካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖች ከሥራ ውሎ በኋላ፣ ከሌሎች ጋር በሚጋሩት ክፍል ሰው ሳይረብሹ ቲላዋም ሆነ የወሎ መንዙማ የሚሰሙት በጆሮ ማዳመጫ ነው። ስለዚህ የላባቸውን ሪያል ለዚህ «ሙቀት» ከመክፈላቸው በፊት ነገሩ ሊመረመር ይገባዋል።

ቫልቭ የሚናቅ ዕቃ አይደለም። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ እስኪሠራ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በሬዲዮ የሚተላለፍ ድምፅ በዚህ አምፖል መሰል ብርጭቆ ያልፍ ነበር። የግብፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1934 በሼኽ ሙሐመድ ሪፍዓት ቲላዋ ሲከፈት፣ የሳዑዲ ሬዲዮም በ1368 ሂጅራ በዐረፋ ዕለት ከጂዳ ሥርጭቱን ሲጀምር ዘመኑ የቫልቭ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚደመጡት የቀደምት ቃሪኦች ቅጂዎች ብዙዎቹ ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው። የቫልቩ አሻራ አስቀድሞ በቅጂው ውስጥ አለ። አድማጩ ሌላ ቫልቭ ሲጨምርበት ወደ ቃሪኡ አይቀርብም፤ በቀለሙ ላይ ሌላ ቀለም ይደርባል እንጂ።

«ሙቀት» የሚባለው ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ማጉያው ራሱ የሚጨምረው መዛባት ነው፤ ቫልቭ ከዋናው ድምፅ በላይ ሁለት እጥፍ ድግግሞሽ ያለውን ደካማ ድምፅ ያክላል፣ ይህም ለጆሮ ስለሚስማማ ውፍረት መስሎ ይሰማል። ሁለተኛው ብዙም አይነገርም። የውጤት ትራንስፎርመር የሌላቸው የቫልቭ ማጉያዎች የውስጥ ተቃውሟቸው በአሥር ኦሞች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100 ኦም የሚያልፍ ሲሆን፣ በደንብ የተሠራ የትራንዚስተር ማጉያ ግን ከ1 ወይም ከ2 ኦም አይበልጥም። እንደ ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለ ባለ 300 ኦም ማዳመጫ በወፍራም ድምፆች ክልል ተቃውሞው ከስሙ እጅግ ከፍ ስለሚል፣ ከእንዲህ ዓይነት ቫልቭ ጋር ሲገናኝ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል። በጥቂት ሃላላ የሚገዛ ሬዚስተር በትራንዚስተር ማጉያ መውጫ ላይ ቢጨመር ይህንኑ እብጠት ያመጣል! በስልክ የሚሠሩት ባለ 16 ወይም ባለ 32 ኦም ማዳመጫዎች ደግሞ ከዚህ ቫልቭ ጋር ጭራሽ አይስማሙም፤ የመንዙማው ድቤ ይላላል፣ ኃይሉም ያንሳል።

ከድምፁ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ኤሌክትሪኩ ነው። የሳዑዲ መሥመር 60 ኸርዝ ነው፤ ቮልቱም በአሮጌ ቤቶች 127 ሲሆን፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 230 እንዲዛወር ወስኗል። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። የቫልቭ ማጉያ በአብዛኛው ከባድ ትራንስፎርመር ይሸከማል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በዚያው ቮልት በ50 ኸርዝ ሲሠራ በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ይግላል፣ ያጉረመርማል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ከጂዳ በሻንጣ ተጭኖ ደሴ ወይም አዲስ አበባ የገባ ውድ ዕቃ መደርደሪያ ማሞቂያ ሆኖ የሚቀረው እንዲህ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ የትራንዚስተር ማጉያዎች ግን «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» በተጻፈበት አስማሚ ወይም በስልክ ቻርጀር ስለሚሠሩ በሁለቱም አገር ችግር የለባቸውም።

ግለቱም ቀላል አይደለም። 6080 የተባለው፣ በእነዚህ ማጉያዎች የተለመደው ቫልቭ፣ ክሩን ለማጋል ብቻ 16 ዋት ያህል ይበላል፤ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ኃይል ግን በሺኛ ዋት የሚለካ ነው። በጂዳ የሐምሌ ሌሊት፣ በአንዲት ማቀዝቀዣ በሚኖርበት ክፍል፣ ይህ ምድጃ እንደማቀጣጠል ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልትም ልጆች ባሉበት ቤት ያስጠነቅቃል።

ባለ 300 ወይም ባለ 600 ኦም ማዳመጫ ያለው፣ አገር የማይቀይር፣ በብርጭቆው ፍካትና ቫልቭ እየለዋወጠ በመስማት የሚደሰት ሰው ቫልቭ ቢገዛ አይነቀፍም። ያ መዝናኛ ነው፤ ዋጋውም የመዝናኛ ነው።

ለመወሰን የሚቸገር ሁለቱን በአንድ ማዳመጫ፣ በአንድ ቅጂ፣ የድምፃቸውን ከፍታ እኩል አድርጎ ያነጻጽር። በጥቂቱ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና፣ የትኛው እየሠራ እንዳለ እንዳያውቅ መቀያየሩን ለጓደኛው ይተውለት።