እኩዮቼ፣ እሳቱን የምናቀብለው እኛ ነን

እኩዮቼ፣ ልጆቻችንን ስንመክር ከርመናል። ዛሬ ግን ነገሬ ከእናንተና ከራሴ ጋር ነው።

በቀደም ጉርድ ሾላ፣ ከባቡር ፌርማታው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለቅሶ ላይ ነበርን። ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ባልንጀራችን ስልኩን አቀበለኝ። ቤተ ክርስቲያን ይነድዳል፤ ሰው ይጮኻል፤ ቋንቋው አይለይም። «እነሱ እኮ ናቸው» አለኝ። እኔም ከንፈሬን መጥጬ አጠገቤ ላለው አሳለፍኩት። ስልኩ እንዲህ እያለ ረድፉን ዞረ። ገንዘብ ያዣችን ሐጂ ያኔ የዕድሩን መዝገብ ብብታቸው ሥር ይዘው የወጣውን ሰሃን ይቆጥራሉ። ሰምተዋል። ቆጠራቸውን ሳያቋርጡ አለፉ። ስንት ዓመት ገንዘባችንን የያዙልን፣ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ድስት እንዳይነካካ እሳቱ ዳር ቆመው የሚያስተናግዱ ሰው ናቸው። ማታ የልጅ ልጄን ብጠይቀው፣ ቪዲዮው የኛ አገር እንዳልሆነ ፈልጎ አሳየኝ።

ወጣቱን በፌስቡክና በቴሌግራም እናማርራለን። ወሬ ግን ቁም ነገር የሚሆነው ሽማግሌ ከንፈሩን ሲመጥለት ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ኢያሱን በ1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ከሥልጣን ያወረዷቸው መኳንንት «ሰልሟል» ብለው ነው። ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳያቸው የተቀነባበረ ፎቶግራፍ ይዘዋወር እንደነበር ይነገራል። (ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን መቀስና ሙጫም ይበቃ ኖሯል።) በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ ወሎና ሸዋ ተላለቀ።

ያ የአያቶቻችን ነው ትሉኝ ይሆናል። የራሴን ልንገራችሁ። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሀረካት» የሚለውን ዘጋቢ ፊልም ሲያሳይ ከቤተሰቤ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁ። ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነስቶ «ድምፃችን ይሰማ» ሲል የቆየውን ሙስሊም ሕዝብ ፊልሙ ከአሸባሪ ጋር አንድ አድርጎ አቀረበው። ከመካከሉ የተያዙት ሰዎች ሲናገሩ የታዩት በእስር ላይ እያሉ፣ ገና ፍርድ ሳይሰጣቸው የተቀረጹ ሆነው ነው። እኔም «ድሮስ!» አልኩ። ይጠይቁ የነበረው ግን መንግሥት ከሃይማኖታችን እጁን ያውጣ፣ የመጅሊሱን መሪዎች ራሳችን እንምረጥ ነበር። በሲኖዶሳችን ላይ እንዲህ ቢደረግ ዝም እንል ነበር? በ2007 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ ጉዳይ 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ኋላም ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በይቅርታ ተፈቱ። ያን ቀን «ድሮስ» ያልኩት እኔ ግን ማንንም ይቅርታ አልጠየቅሁም።

በደል የለም አልልም። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናት ተገድለዋል። ግን ለዚያ በክስ የተጠራው የክልሉ ባለሥልጣናትና ሄጎ የሚባለው የወጣት ቡድን ነው፤ ሾላ ገበያ የሚነግደው ሙስሊም አይደለም። ገዳይ ስም ካለው በስሙ ጥሩት። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች የነደዱት የቤተ ክርስቲያን እሳት ወሬ ከተነዛ በኋላ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ለአንድ ሼኽ ቀብር የወጡ ሙስሊሞች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ከ20 በላይ ሰው መሞቱን አስታወቀ። ሳምንት ሳይሞላ ስልጤ፣ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ከጎንደር ወራቤ ስንት ቀን መንገድ ነው? ለስልክ ግን አንድ ሰዓትም አይሆንም። በዚያ መንገድ ላይ አቀባዮቹ ማን ነበሩ? እኛው።

ደግሞ ሙስሊሙ «ተበደልኩ» ባለ ቁጥር «ሴራ ነው» የምትሉ አላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ መስጊድ ሲፈርስ ሰው አዘነ፤ ግንቦት 18 ቀን አንዋር መስጊድ ተቃውሞ ተነስቶ ሰው ሞተ። ቅሬታውን ለማመን መስለም አያስፈልግም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ጎረምሳ ነበርን፤ ረስታችሁት ነው? «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባሉ ይብቃ፣ እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ነን ብሎ ሕዝቡ አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቃት፣ ክርስቲያኑም አብሮ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዒድ በመንግሥት በዓልነት የታወቀው። አብሮ የወጣው ያ ትውልድ ነው ዛሬ ድንኳን ውስጥ ስልክ የሚያቀባብለው።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ አለ፤ ቁጥሩም 1185/2012 ነው። ፖሊስ ግን የለቅሶ ድንኳን አይገባም። ድንኳኑ የኛ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ስብሰባ አለ። የትና መቼ እንደሆነ ያልታወቀ ቪዲዮ ድንኳን ውስጥ የሚያዞር ሰው እንዲቀጣ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ እኔም በቀደም ላደረግሁት ቀድሜ እከፍላለሁ። መዝገቡን የሚይዙት ሐጂ ናቸውና እሳቸውም ይኖራሉ። ስልኩ በእጃችሁ ያለፈ ሁሉ ኑ፤ እፊታቸው አብረን እንቁም።