ካርታው የእናት ነው

ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ እናት መርሳት ከጀመረች የበኩር ልጅ ንብረቷን ይረከብ፣ ፍርድ ቤት መሄድ የፈረንጅ ልማድና የቤተሰብ ገመና ማውጣት ነው ይለናል። የፈረንጅ? በፍርድ መከልከል፣ ማለትም ራሱንና ንብረቱን ማስተዳደር ያቃተውን ሰው ሕጋዊ ችሎታ በዳኛ ውሳኔ መገደብ፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ አለ። ያው ሕግ ማንም ሰው ችሎታ የለውም እስካልተባለ ድረስ ችሎታ አለው ይላል። ምጣዷን እሳት ላይ የረሳች ሴት በማግሥቱ የቤቷን ካርታ አታጣም።

«ከልጅ በላይ የሚያውቃት የለም» መባሉስ? እውነት ነው። ግን ያው ልጅ ወራሽም ነው፤ የግቢውን ስፋት እስከ መጨረሻዋ ካሬ በቃሉ ያውቃል። ዳኛ ያስፈለገው ለዚሁ ነው፤ ሴትዮዋን ራሷን ያያል ወይም ያስመረምራል፣ ሞግዚት ይሾማል። ገመናውም ቢሆን ቤቱ ተሽጦ ወንድማማቾች ሲካሰሱ ችሎት ፊት መዘርገፉ አይቀርም።