የጠርሙሱ ችግኝ ለገበሬው ይድረስ

የደቻቱን ደረቅ አሸዋ ተሻግረን ወደ ከፊራ ገበያ ስንዘልቅ፥ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ድንች፥ ሽንኩርትና ካሮት ተከምሮ እናያለን። ዋጋ ተከራክረን እንገዛለን፤ ነገር ግን ይህ ድንች ከምን ዓይነት ዘር እንደ በቀለ ከመካከላችን የጠየቀ ማን ነው?

ድንች የሚዘራው በራሱ በድንቹ ነው። ለ1 ሄክታር መሬት 20 ኩንታል ያህል ዘር ይፈጃል። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ደህና ደህናውን ሸጦ ትንንሹን ለዘር ያስቀራል። ትንሹ ግን ብዙ ጊዜ ያነሰው ስለ ታመመ ነው፤ ስለዚህ በሽታው ከዘር ወደ ዘር ይወረሳል። ይህ የገበሬው ስንፍና አይደለም፤ ንጹሕ ዘር ከየት ያምጣ?

መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። ሞሬልና ማርቲን የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቡቃያ ጫፍ ከቫይረስ የጸዳ ድንች አበቀሉ። ስቱዋርድም በ1958 እ.ኤ.አ. ከካሮት ሕዋሳት ሙሉ ተክል ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። በጠርሙስ ውስጥ ስኳርና ማዕድን እየተመገበ ያደገ ችግኝ በየአንጓው ሲቆረጥ፥ እያንዳንዱ ቁራጭ በጥቂት ሳምንታት ሌላ ችግኝ ይሆናል።

እኛም ይህን ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠን ለፈተና ጽፈነዋል። ከዚያስ ወዲያ?

«ይህ ለድኻ አገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው እንደሚጎዳ፥ ንጹሑም ዘር በክሽክሽ አማካይነት እንደገና በቫይረስ እንደሚያዝ፥ በአፈር ውስጥ ያለውንም የአጠውልግ በሽታ እንደማያስቀር አንክድም። ሆኖም የታመመ ዘር ዓመት በዓመት መዝራትስ ርካሽ ነውን? እዚሁ ጎረቤታችን ያለው ዩኒቨርሲቲ፥ የዛሬው ሐረማያ፥ «አለማያ 624» የተባለውን የድንች ዝርያ ማውጣቱ፥ ከግቢ የተነሣ ዘር ማሳ ሊደርስ እንደሚችል ያስረዳል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ቤተ ሙከራዎች የሚያባዙትን ዝርያ ገበሬው ይምረጥ። ከጠርሙስ የወጣው ለጋ ችግኝ በፀሐይ እንዳይቃጠል፥ በገበሬዎች ማኅበራት አጠገብ የሚለማመድበት የመረብ ቤት ይሠራ። ዘሩም በየጊዜው በንጹሕ ይተካ። እኛ ተማሪዎችም የዕረፍታችንን ጥቂት ሳምንት ሰጥተን፥ የታመመውን ከጤነኛው መለየትን ከገበሬው ጋር በማሳው ላይ እንማማር።

ገበሬው እኛን መመገቡን አላቋረጠም። ጠርሙሱን ታቅፈን የተቀመጥነው እኛ ነን።