የሳይበር ደኅንነት፦ ጅብ ከሄደ በኋላ እንዳይሆን

አዳማ፦ ከመቂና ከባቱ ወደ ገበያ የሚጫነው ሽንኩርትና ቲማቲም ዋጋው ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይከፈልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ የነዳጅ ግብይትም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም ከተደረገ በኋላ፣ በመስኖ የሚያለማው አርሶ አደርም ሆነ የአዳማ ባጃጅ አሽከርካሪ ገንዘቡን በስልኩ ያንቀሳቅሳል። በመሆኑም ድርጅቶች ለሳይበር ደኅንነት የሚሰጡት ትኩረት የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ስለ ደኅንነት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ከሩቅ የሚመጣ አጥቂ ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገደደ። ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ፣ መንስኤውም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ባንኩ ገልጿል።

ክስተቱ ለጉዳት የግድ አጥቂ እንደማያስፈልግ ያሳያል፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ውስጥ የሚፈጠር አንድ ክፍተት ይበቃል። ብዙ ሠራተኞች በአንድ የይለፍ ቃል የሚጠቀሙበት መደብር፣ ሥራ የለቀቀን ሰው የመግቢያ ፈቃድ ያልዘጋ ሆቴል፣ የአባላቱን መዝገብ መጠባበቂያ ቅጂ ያላስቀመጠ የኅብረት ሥራ ማኅበር በራቸውን ከፍተው እንደሚያድሩ ይቆጠራል።

የቸልተኝነቱ አንዱ ምክንያት ለጥንቃቄ የሚወጣው ወጪ ዛሬ የሚታይ፣ ጥቅሙ ግን የማይታይ መሆኑ ነው። ሌላው፣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በደንበኛው ላይ መውደቁ ነው። ንግድ ባንክ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ ይፋ እስከማድረግ ደርሶ አብዛኛውን ማስመለስ ችሏል። የምርቱን ዋጋ በማጭበርበር የተነጠቀ የመቂ ገበሬ ግን እንዲህ ያለ አቅም የለውም።

ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀለኛውን ይቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች የጥበቃ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሆኖም አዋጅ የይለፍ ቃል አይቀይርም።

ደንበኛውም የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ወኪል ነኝ ለሚለውም ቢሆን፣ መስጠት የለበትም። ዋናው ኃላፊነት ግን የሰውን ገንዘብና መረጃ በአደራ በተረከበው ድርጅት ላይ ይወድቃል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ መስጠት፣ ማሻሻያን ሥራ ላይ ከማዋል በፊት መፈተሽ፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ከኪሳራው ጋር ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ከጉዳት በኋላ የሚወጣ መግለጫ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው።