የውክፔዲያ የአርትዖት ውዝግብ፦ ዳኝነት ወይስ ማስረጃ?

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የአርትዖት ውዝግብን የሚገታባቸው ሁለት የታወቁ ሥርዓቶች አሉት። አንደኛው፣ አንድ አርታኢ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን ሥራ ከ3 ጊዜ በላይ እንዳይሽር የሚከለክለው ደንብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የግልግል ኮሚቴው ነው። ሁለቱም የሚዳኙት ግን የአርታኢዎችን ምግባር እንጂ የጽሑፉን እውነትነት አይደለም።

የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው በ1928 ነው ወይስ በ1936 የሚል ክርክር ቢነሣ፣ ሽምግልና ተከራካሪዎቹን ያስታርቅ ይሆናል፤ ጥያቄውን የሚፈታው ግን ምንጩ የተከተለውን የዘመን አቆጣጠር መመርመር ነው።

አርታኢዎቹ ጥቂት በሆኑበት በአማርኛው ውክፔዲያ ምንጭ ካልቀረበ የሚረታው ሳይታክት የሚሽረው ይሆናል። ስለዚህ ይዘቱን የሚያቀናው የዳኛ መብዛት ሳይሆን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ምንጫቸውንና የእርማታቸውን ምክንያት በውይይት ገጹ ላይ ማስፈራቸው ነው።